በተዳፋት ላይ ያለ አሮጌ መናፈሻ፦ ግንቡ ሆዱን አውጥቷል፣ ገንዳው ደርቋል፤ ምን ይነካ፣ ምን ይተው?

የሂርማታ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ በተዳፋት ላይ ያለ አንድ አሮጌ የሕዝብ መናፈሻ ሊታደስ ነው፤ የሰፈሩ ኮሚቴም ሐሳቡን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ተጠይቋል። ቦታው ይህን ይመስላል፦ ቁልቁለቱ በአራት እርከን የተከፈለ ነው። እርከኖቹን የያዘው የድንጋይ ግንብ ከ1 ሜትር ከ20 እስከ 1 ሜትር ከ80 ቁመት አለው። ከታችኛው በር እስከ ላይ የሚያወጣ የድንጋይ ደረጃ አለ። መሀል ላይ ፏፏቴ የነበረ ክብ ገንዳ ደርቆ ቅጠል ሞልቶታል። ሦስት ትልልቅ ጃካራንዳ፣ በላይኛው ጠርዝ ደግሞ አንድ ረድፍ የፈረንጅ ጥድ አለ። ሁለተኛው እርከን ላይ ግንቡ ስድስት ሜትር በሚሆን ርዝመት ሆዱን አውጥቷል።

እስካሁን የቀረበው ሐሳብ ግንቡን አፍርሶ በኮንክሪት መሥራት፣ ደረጃውን ሴራሚክ ማልበስ፣ ጥዶቹን ቆርጦ መብራት መትከል ነው። ውበቱ እርጅናው ነው የሚል ወገን አለ፤ ነገር ግን «ያምራል» ብቻ ብሎ መሐንዲስ ፊት መከራከር አላዋጣም። ስለዚህ እናንተ የምታውቁትን ንገሩን። የትኛው ክፍል የየትኛው ዘመን እንደሆነ በምን ይለያል? ሆድ ያወጣ ግንብ ሳይፈርስ ይድናል? ገንዳውና ዛፎቹስ?

ማንካና ቱንቢ

ወንድሜ፣ ከሆዱ ልጀምር። ሌላው ሊቆይ ይችላል፣ እሱ ግን ክረምት አይጠብቅም።

የድጋፍ ግንብ ሆድ የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ ጀርባው ውሃ ስለሚቋጥር ነው። ሒሳቡን ለኮሚቴው አሳዩ። 1 ሜትር ከ50 ቁመት ያለው ግንብ ጀርባው ያለው አፈር ደረቅ ሲሆን በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 0.7 ቶን ገደማ ይገፋዋል። ያው አፈር እስከ አናቱ ውሃ ሲጠግብ ውሃው ብቻውን 1.1 ቶን ይገፋል፤ አፈሩ ሲጨመርበት ግፊቱ ከሁለት እጥፍ ያልፋል። ጅማ ደግሞ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚዘንብባት ከተማ ናት።

አሮጌ ግንብ ሲሠራ ይህ ውሃ የሚወጣበት መንገድ ነበረው፤ ወይ የታወቀ ማስወጫ ቀዳዳ፣ ወይ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት። ቆይቶ «እናሳምረው» ተብሎ መገጣጠሚያው በሲሚንቶ ስቲላቱራ ይደፈናል፤ ቀዳዳውም አብሮ ይደፈናል። ከዚያ ሁለትና ሦስት ክረምት ነው የሚበቃው። ሆዱ ባለበት ቦታ መገጣጠሚያውን ተመልከቱ፤ ግራጫ ሲሚንቶ ካያችሁ ምክንያቱ ግማሽ በግማሽ ተገኝቷል።

ሳታፈርሱ በፊት ለኩ። ከአናቱ ቱንቢ አውርዱና ከክሩ እስከ ድንጋዩ ያለውን ርቀት ከላይ፣ ከመሀልና ከታች በሜትር ወስዳችሁ ጻፉ። በስንጥቁ ላይ ደግሞ ባለ 3 ሚሊ ሜትር የመስኮት መስታወት፣ ስፋቱ 3፣ ርዝመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ፣ ሁለቱ ጫፎቹ በትንሽ ሲሚንቶ ይለጠፉ፤ መሀሉ ነፃ ይሁን። ቀኑን በሚስማር ሲሚንቶው ላይ ጻፉበት። መስታወቱ ከተሰበረ ግንቡ እየሄደ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ካልተሰበረ ሆዱ የድሮ ነው፣ ውሃውን አስወጥታችሁ ልትተዉት ትችላላችሁ። በዚህች ትንሽ መስታወት ስንት ግንብ ከመፍረስ ይድን ነበር!

ውሃውን ለማስወጣት በየ1.5 ሜትሩ፣ ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ባለ 75 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ወደ ውጭ ትንሽ አዘቅዝቆ ይገባል። ጀርባው በአፈር ብቻ የተሞላ ከሆነ ግን ቀዳዳው በአንድ ዓመት ጭቃ ይይዛል። ስለዚህ ቀዳዳው ባለበት ቦታ ከላይ በኩል 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ተቆፍሮ 02 በሚባለው የግንባታ ጠጠር መሞላት አለበት። በአፈሩና በጠጠሩ መካከል ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ) ይገባል።

ከሁሉም በፊት ግን ላይኛውን ውሃ መቀልበስ ነው። ከመናፈሻው በላይ ያለው ሜዳና መንገድ 2,000 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ አንድ 30 ሚሊ ሜትር የሆነ ዝናብ 60,000 ሊትር ያወርዳል። ያ ሁሉ ጎርፍ የሚያርፈው የመጀመሪያው ግንብ ጀርባ ነው። በላይኛው ጠርዝ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር፤ በ100 ሜትር ርዝመት ከ50 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ብቻ ይዘቅዝቅ። ከዚያ በላይ ከሆነ ቦዩ ራሱ እየተቦረቦረ ገደል ይሆናል።

የፋይል ሰው

ስለ ዘመኑ። ጅማ ውስጥ «የጣልያን ነው» ያልተባለ አሮጌ ድንጋይ የለም፤ ስለዚህ ቃሉን ሳትፈትኑ አትቀበሉት።

የከተማዋ ታሪክ ተደራራቢ ነው። ሂርማታ ከከተማው በፊት ገበያ ነበር፤ መንግሥቱ የተቀመጠው ግን ኮረብታው ላይ፣ ጅሬን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸው እዚያው ነው። በነገራችን ላይ ያ ቤት የእንጨት ሥራ ነው፤ እዚያም ቢሆን ዋናው ጠላት ዝናብ ነው። ጣልያን በወረራው ጊዜ ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ ዋና ከተማ ስላደረጋት፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ ሰኔ 1941 ባለው አጭር ጊዜ ብዙ ግንባታ ተካሄደ፤ ፈረንጅ አራዳ የሚለው የሰፈር ስምም ያንን ያስታውሳል። ከነፃነት በኋላ ከተማዋ የካፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ሆነች። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት የሠራው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሥራ ብዙ ጊዜ «የጣልያን» ተብሎ ይቆጠራል።

አሁን ምልክቶቹ። ኖራና ሲሚንቶ በሚስማር ይለያሉ። የኖራ መገጣጠሚያ ሲፋቅ ነጭ ዱቄት ይሆናል፤ ውስጡ ሳይሟሟ የቀረ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ነጭ ጓል ይታያል። ሲሚንቶ ግራጫ ነው፣ ሚስማሩን ያንሸራትታል፣ ሲመታም ይጮኻል። ኮምጣጤ ጠብ አድርጎ «ፈላ፣ ስለዚህ ኖራ ነው» የሚል አለ፤ አትመኑት፣ የቆየ ሲሚንቶም ይፈላል። ሌላው ስሕተት ሲሚንቶ ያለበትን ሁሉ የቅርብ ጊዜ ማለት ነው። ድሬዳዋ ላይ የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው በጣልያን ዘመን ነው፤ ስለዚህ ሲሚንቶ ብቻውን ዘመን አይናገርም። ማየት ያለባችሁ የትኛው ከየትኛው በላይ እንደተለጠፈ ነው። ሲሚንቶው በኖራው ላይ እንደ ቆዳ ተለጥፎ ከሆነ ኋላ የመጣ ጥገና ነው፤ እስከ ውስጥ ድረስ አንድ ዓይነት ከሆነ ከመነሻው በሲሚንቶ የተሠራ ነው።

የድንጋዩን ፊት ደግሞ በማለዳ ወይም በመሸ ጊዜ፣ ፀሐይ በጎን ስትመታው እዩት። የመሮ ዱካው ያኔ ነው የሚወጣው። የአንዱ እርከን ዱካ ሰያፍና እኩል ከሆነ፣ የሌላው ደግሞ በመዶሻ ብቻ የተሰበረ ከሆነ፣ ሁለት ጊዜ የተሠራ ግንብ ነው ያላችሁ።

ወረቀት ፍለጋ ከሆነ 1967 ዓ.ም.ን እንደ ድንበር ያዙት። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የተወረሰው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው፤ የቀበሌ ማኅበራትም በዚያው መጡ። ከዚያ በፊት ያለው ጉዳይ በማዘጋጃ ቤት መዝገብ፣ ከዚያ በኋላ ያለው በቀበሌ ፋይል ይፈለጋል። የድሮ የአየር ፎቶ የጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩቱን (የቀድሞውን የካርታ ሥራዎች ድርጅት) ጠይቁ፤ ፎቶግራፍ ደግሞ ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም። የሁለት ዓመት የአየር ፎቶ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ የትኛው እርከን መቼ እንደተጨመረ ያለ ክርክር ይታያል። ደረጃውና ገንዳው በቅርስነት ከተመዘገቡ ደግሞ ነገሩ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ስር ይወድቃል፤ ያለ ፈቃድ ማደስም ሆነ ማፍረስ አይቻልም። መጀመሪያ ይህን አጣሩ።

ሪባር

ይቅርታ ይደረግልኝና ናፍቆት ግንብ አይደግፍም። የተጠናከረ ኮንክሪት ሠርቶ መገላገል ምን ችግር አለው? ሕዝብ የሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ ሰው ላይ ቢወድቅስ?

ማንካና ቱንቢ

ሪባር፣ የደኅንነቱ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ለዚህ ነው መስታወቱን ያስቀደምኩት። መስታወቱ ከተሰበረ ከግንቡ ስር ያለው መቀመጫ ዛሬውኑ ይነሳል፣ ገመድ ይወጠራል።

ኮንክሪት ግን የውሃውን ግፊት አያስቀርም። ጀርባው ጠጠርና ቀዳዳ ከሌለው እሱም ያዘነብላል፤ ልዩነቱ ድንጋይ ሆዱን እያሳየ ያስጠነቅቃል፣ ኮንክሪት ግን ብዙ ሳያሳይ ቆይቶ ነው የሚሄደው። ቁመቱ ከ2 ሜትር የሚያልፍ ቢሆን ወይም ከላዩ መኪና የሚሄድበት ቢሆን የመሐንዲስ ስሌት ያስፈልጋል፣ ኮንክሪትም ሊሆን ይችላል። ለ1 ሜትር ከ50 የአትክልት እርከን ግን በደንብ የታሰረ ድንጋይ ይበቃል።

መፍረስ ካለበት ስድስቱ ሜትርና በየጎኑ ግማሽ ሜትር ብቻ ይፍረስ። ድንጋዮቹ ላይ በጠመኔ ቁጥር ይጻፍ፣ ፎቶ ይነሱ፤ ከላይ ወደ ታች እየወረዱ እያንዳንዱ ረድፍ በተራው መሬት ላይ ይደርደር። ጎንና ጎኑ የቀረው በአጠና ይደገፍ። መሠረቱ 40 ሴንቲ ሜትር ይውረድ። የግንቡ እግር ውፍረት ከቁመቱ ግማሽ አይነስ፤ ፊቱ በእያንዳንዱ ሜትር ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ወደ ተዳፋቱ ይደገፍ። በየካሬ ሜትሩ ቢያንስ አንድ ረጅም ማሰሪያ ድንጋይ ከፊት እስከ ጀርባ ይግባ። ብዙ አዲስ ካብ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፦ ፊቱ ጥርብ፣ ጀርባው ፍርክስካሽ፣ ሁለቱን የሚያይዝ ምንም የለም።

መገጣጠሚያው በኖራ ይሠራ፤ አንድ እጅ ኖራ፣ ሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ። ኖራ ከድንጋዩ የለሰለሰ ስለሆነ እርጥበቱ በመገጣጠሚያው ይወጣል። ሲሚንቶ ሲሆን ድንጋዩ ነው የሚላጠው። ችግሩ ኖራ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ ዝናብ ከመታው ይታጠባል፣ ፀሐይ ከመታው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት እርጥብ ጆንያ ይሸፈን።

ደረጃው ላይ ሴራሚክ አታስቡት። ጃካራንዳው አበባውን ያረገፈበትን ቀን ገምቱ፤ ያ ሐምራዊ ምንጣፍ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ነው። የተሸረሸረው ድንጋይ ያዳለጠ እንደሆነ በመሮ ማሻከር ይበቃል። ከደረጃው የሰጠመ መርገጫ ካለ ሲነሳ ከፍታው 13፣ መርገጫው 37 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ደንቡ ሁለት ጊዜ ከፍታ ሲደመር መርገጫ 63 አካባቢ መምጣት ነው። ከዚህ በላይ ግን ከቀሩት ደረጃዎች ጋር መስተካከል አለበት፤ አንዷ በ2 ሴንቲ ሜትር ከተለየች ሰው ሁልጊዜ እሷ ላይ ይሰናከላል። መርገጫው ወደ ፊት ትንሽ ይዘቅዝቅ፣ ውሃ እንዳያቁር።

ሽበቱን ደግሞ ተዉለት። ድንጋዩ ላይ ያለውን ሻጋታና የድንጋይ ሽበት በአሲድና በሽቦ ብሩሽ ማጠብ የመሮውን ዱካ ይበላል። ባለሥልጣን ሲመጣ ድንጋዩን በኖራ ነጭ የሚቀባውን ልማድማ ምን ልበል!

ብርብራ

ዛፎቹን እኔ ልውሰድ። ሦስቱ ጃካራንዳ ላይ ትልቁ አደጋ መጋዝ አይደለም፣ ንጣፍ ነው። ግንዱ 60 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ከግንዱ ዙሪያ 7 ሜትር ድረስ ያለው መሬት የሥሩ ነው (ውፍረቱን በ12 ማባዛት ነው)። እዚያ ውስጥ ኮንክሪት ማፍሰስ፣ አፈር መከመር፣ የመብራት ገመድ ቦይ መቆፈር ዛፉን ወዲያው አይገድለውም። በሦስተኛው በአራተኛው ዓመት ጫፉ መድረቅ ይጀምራል፤ ያኔ ጥፋቱን ከሥራው ጋር የሚያያይዘው ሰው አይኖርም።

ቅርንጫፍ መቆረጥ ካለበት በሦስት ቁርጥ ነው። ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ከስር ወደ ላይ እስከ ሲሶው ይቆረጣል፤ ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ ከላይ ይጣላል፤ በመጨረሻ ጉቶው ቅርንጫፉ ከግንዱ ሲወጣ ካለው እብጠት ውጭ ይስተካከላል። እብጠቱ አይነካ፤ ቁስሉን የሚሸፍነው እሱ ነው። ቀለም አያስፈልገውም።

ጥዶቹ ሌላ ጉዳይ ናቸው። የፈረንጅ ጥድ መጤ ነው፤ ቅጠል በሌለው አሮጌ እንጨቱ ላይ ከተቆረጠ አያቆጠቁጥም። ስለዚህ «አናቱን እንቁረጠው» የሚለው ሐሳብ እንጨት ማበስበስ ነው። ግንዱ ስር እንጉዳይ፣ በአንድ በኩል የተሰነጠቀና የተነሳ አፈር፣ አዲስ ማዘንበል ካለ ያ ዛፍ ይወገዳል። ጤነኞቹን አንድ እየዘለሉ መቁረጥ ግን የቀሩትን ለነፋስ መስጠት ነው፤ ለዓመታት እርስ በርስ ተጋርደው ስለኖሩ ብቻቸውን አልለመዱም። ከአንድ ጫፍ ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ መተካት ይሻላል። ጉቶው አይነቀል። ሥሩ አፈሩን ይዞ ለተወሰኑ ዓመታት ይቆያል፣ አዲሱ ሥር እስኪደርስ። በምትኩ ዝግባ፣ ወይራ፣ ብርብራ ትከሉ፤ ብርብራማ የአገራችን ብቻ ዛፍ ነው (ስሜን አይታችሁ አድሎ እንዳትሉኝ)። ከግንቡ 4 ሜትር ይራቅ።

ግንቡ ስንጥቅ ውስጥ የዋርካ ወይም የሾላ ችግኝ ካያችሁ ዛሬውኑ ንቀሉት። ወፍ ናት ዘሩን የምታመጣው። የእርሳስ ውፍረት እስካለው ድረስ በእጅ ይወጣል፤ የአውራ ጣት ውፍረት ከደረሰ ግን ስትጎትቱት ድንጋዩን ይዞ ነው የሚመጣው። ያኔ ከግርጌው ተቆርጦ ቡቃያው እየተመላለሱ ይለቀማል፤ ግንቡ ሲታደስ ሥሩ ይወጣል።

አንድ የማይነገር ነገር ልጨምር፦ መጥረጊያ። ተዳፋት መናፈሻ በየቀኑ ሙልጭ ብሎ ሲጠረግ ቅጠሉ ይሄዳል፣ ባዶው አፈር በዝናብ ይታጠባል፣ ሥር ይወጣል። መንገዱና ደረጃው ይጠረግ፤ ከዛፍ ስር ያለው ቅጠል ይቅር። የመቀልበሻ ቦዩ ታችኛው ዳር ላይ ቬቲቨር በየ15 ሴንቲ ሜትሩ በሰኔ ቢተከል አፈሩን ይይዘዋል፤ የጅማ ገበሬ የሚያውቀው ሣር ነው፣ ችግኙ አይጠፋም።

የቧንቧ ሰው

ገንዳውን «ሞተር ይገዛለት» ከማለታችሁ በፊት ከላይኛው እርከን አካባቢ አሮጌ የውሃ ጋን ወይም የተቀበረ የብረት ቧንቧ ፈልጉ። ተዳፋት ላይ ያለ የድሮ ፏፏቴ በስበት ሊሠራ ይችል ነበር። ጋኑ ከገንዳው 6 ሜትር ከፍ ቢል በቧንቧው የሚጠፋው ተቀንሶ 3 ወይም 4 ሜትር የሚዘል ውሃ ይሰጣል። ለመናፈሻ ይበቃል። አሮጌው የብረት ቧንቧ ግን ውስጡ በዝገት ጠብቦ ይሆናል፤ አንድ ቦታ ቁረጡና እዩ፣ እርሳስ የማያስገባ ከሆነ በፕላስቲክ ይተካ።

ማፍሰሱን እንዲህ ፈትኑ። ቅጠሉን አውጡ፣ ሙሉት፣ የውሃውን ከፍታ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። አንድ ባልዲ ውሃ ሞልታችሁ እዚያው ገንዳው ውስጥ አስቀምጡ፤ በእሱም ላይ ምልክት አድርጉ። ከ24 ሰዓት በኋላ ሁለቱም እኩል ከቀነሱ ፀሐይ ነው የወሰደው። ገንዳው ከባልዲው በላይ ከቀነሰ ያፈሳል። እንዲወርድ ተዉት፤ ውሃው መውረዱን የሚያቆምበት ከፍታ ስንጥቁ ያለበት ከፍታ ነው። እዚያ ዙሪያውን ብቻ ነው የምትፈልጉት።

የሚያፈስ ገንዳ ሁለተኛው እርከን ላይ ካለ ደግሞ ሆድ ያወጣውን ግንብ ውሃ የሚያጠጣው እሱ ራሱ ሊሆን ይችል ነበር። የት ነው ያለው?

የሂርማታ ልጅ

የቧንቧ ሰው፣ ገንዳው በትክክል ሁለተኛው እርከን ላይ ነው፤ ሆዱ ካለበት ቦታ አራት ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ግን ከደረቀ ቆይቷል።

ጋሽ ማንካ፣ በተባለው መሠረት ታየ። ሆዱ ላይ ያለው መገጣጠሚያ ግራጫ ነው፤ በሚስማር ሲፋቅ ግራጫው አንድ ጣት ያህል ወፍሮ ይላቀቅና ከስሩ ነጭ ዱቄት ይወጣል። ማስወጫ ቀዳዳ ከሦስቱ እርከኖች ሲገኝ ከዚህኛው አልተገኘም። በቱንቢ መሀሉ 9 ሴንቲ ሜትር ወጥቷል። አሁን ጥር አጋማሽ ነው፤ ምን ቀድሞ ይሠራ?

የፋይል ሰው

ነጭ ከስር፣ ግራጫ ከላይ፦ ኋላ የመጣ ጥገና ነው። ለኮሚቴው ይህን ፎቶ አንሱለት፤ ከሚስማሩ ጋር፣ ሜትር አጠገቡ ተዘርግቶ።

ማንካና ቱንቢ

ቀዳዳዎቹ አሉ፣ ግራጫው ስር ነው የተቀበሩት። ከሌሎቹ እርከኖች ቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ያለውን ርቀትና ከመሬት ያላቸውን ከፍታ ለኩና እዚህኛው ላይ በዚያው ልክ በመሮ ቀስ ብላችሁ ፈልጉ። ስታገኙ በባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ 60 ሴንቲ ሜትር ድረስ ውጉት። ገንዳው ደረቅ ቢሆንም ዝናብ ያጠራቅማል፤ የማፍሰሻ ቀዳዳው ይከፈት፣ ውሃው በቱቦ ከግንቡ ውጭ ይውጣ።

በጥርና በየካቲት ላይኛው ቦይና እነዚህ ቀዳዳዎች ተሠርተው ይጠናቀቁ፤ ከመጋቢት በኋላ ጅማ ላይ ቁፋሮ ጭቃ ማቡካት ነው። የኖራ ሥራ ዘንድሮ አትጀምሩ፣ ኅዳር ይጠብቅ። ዘጠኙ ሴንቲ ሜትር በመስከረምም ዘጠኝ ከሆነ ማፍረስ ቀርቶ ግራጫውን ልጦ በኖራ መመለስ ብቻ ነው የሚቀራችሁ። አሥራ አንድ ከሆነ ስድስቱ ሜትር ይፈርሳል።

መስታወቶቹን ግን በዚህ ሳምንት ለጥፉ፤ ሦስት ቦታ፣ ልጆች በማይደርሱበት ከፍታ።